ብርሃን ከልኩ ሲያልፍ

ጨለማን እንጂ ብርሃንን የሚፈራ ሰው ብዙ አይገኝም። ይልቁንም እንደ መስተዋት የጠራና ብርሃንን የሚያሳልፍ ነገር ከብርሃን ጉዳት ይደርስበታል ብሎ የሚያስብ የለም፤ ብርሃኑ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው በኩል ይወጣልና። በቤታችን መስኮት ፀሐይ ስንት ዘመን ስትገባ ኖራለች። መጋረጃው ነጥቷል፤ የወንበሩ ልብስ ደብዝዟል፤ መስተዋቱ ግን እንደ ተገጠመበት ቀን ነው።

እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ያመንነው ይህንኑ ነበር። ሐሳባችንን ያስለወጠን በእናታችን ዓይን ላይ የደረሰው ነገር ነው። ነገሩ የአንድ ቤት ጉዳይ ቢመስልም፣ ስለ ብርሃን ጠባይም ሆነ ወረቀት እያነበብን ለሌላው ስለምናስረዳ ሰዎች ግዴታ የሚያስተምረው አለና አንባቢ በትዕግሥት ይከተለን ዘንድ እንለምናለን።

የምንኖረው በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአጠና ተራ እምብዛም በማይርቅ መንደር ነው። ትምህርታችንን በ12ኛ ክፍል ጨርሰን በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ከተቀጠርን 14 ዓመት ሆኖናል። እናታችን ዕድሜያቸው ከ70 ዐለፍ ያለ ነው። ፊደል አልቈጠሩም፤ ዳሩ ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ጥጥ ሲፈትሉ ኖረው እኛን ለትምህርት ያበቁን በእንዝርታቸው ነው። የዓይናቸውን ብርታት ለማወቅም ሐኪም አያስፈልገንም ነበር፤ ክሩ ራሱ ይናገር ነበርና። ከስድስት ዓመት በፊት ያ እንደ ሸረሪት ድር ይቀጥን የነበረው ክር ይጎረብጥ፣ አንዳንድ ስፍራም ይወፍር ጀመር። ሸማኔው፣ «እማማ፣ የዘንድሮው ፈትልዎ እንደ ወትሮው አይደለም» ቢላቸው ጥጡን ሰደቡ እንጂ ዓይናቸውን አልጠረጠሩም።

በሐኪም ቢታዩ የዓይን ሞራ ሆኖ ተገኘ። ይህ ደዌ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ በሆነው ብሔራዊ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ ከመቶው 1.6 የሚሆነው ዓይነ ስውር ሆኖ ሲገኝ፣ ከእነዚህ ግማሽ ያህሉን ያሳወራቸው ሞራ ነበር። ከብሌናችን በስተኋላ ሌንስ የሚባል፣ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ አካል አለ። ዕድሜ ሲገፋ ይህ አካል እየደፈረሰ ይሄዳል፤ ሞራ የምንለውም እርሱ ነው። ሐኪሞች የደፈረሰውን አውጥተው በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስገባሉ። የዚህ ጥበብ ጀማሪ ሃሮልድ ሪድሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላናቸው መስኮት ተሰብሮ ስባሪው በዓይናቸው የገባባቸውን አብራሪዎች ሲመረምር፣ ያ እንደ መስተዋት የጠራ ፕላስቲክ በዓይን ውስጥ ተቀምጦ ዓይንን እንደማያስቈጣ አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1949 ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራ ሌንስ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ዓይን ውስጥ አስገባ። የአብራሪዎቹ ጉዳት ከብዙ ዘመን በኋላ በኮልፌ ለሚኖሩ አንዲት ፈታይ መዳኛ ሆነ ማለት ነው።

እናታችን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ክራቸው እንደ ቀድሞው ቀጠነ፤ ቤታችንም ደስ አለው። ሁለት ዓመት ባለፈ ጊዜ ግን ጉሙ ተመለሰ። ጎረቤቱም ሁሉ ሞራው እንደ ገና በቀለ እያለ አዘነልን። ወደ ሐኪም ስንመለስ የተነገረን ሌላ ነው። አንድ ጊዜ የወጣ ሞራ ተመልሶ አይመጣም። ነገር ግን አዲሱ ሌንስ የሚቀመጠው ከተፈጥሮ በቀረ ቀጭን ከረጢት ውስጥ ነው። የዚህ ከረጢት የጀርባ ግድግዳ ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትርን መቶኛ እጅ እንኳ አይሞላም። በከረጢቱ የቀሩ ሕዋሳት እየተባዙ በዚህ ግድግዳ ላይ ሲንሰራፉ ልክ እንደ ሞራ ያደበዝዛሉ። መድኀኒቱም ቢላዋ የማይገባበት ነው፤ በሌዘር ብርሃን ግድግዳው መካከል ትንሽ መስኮት መክፈት ብቻ ነው።

ይህን ስንሰማ ደስ ሊለን ሲገባ ፍርሃት ያዘን። ግድግዳው ከሌንሱ ጀርባ የተለጠፈ ነው። ብርሃኑ ወደ እርሱ የሚደርሰው በአዲሱ ሌንስ ውስጥ አልፎ ነው። ይህም ማለት መስኮት ሳይሰበር፣ በመስተዋቱ ላይ የተጣበቀውን መጋረጃ ከውጭ ሆኖ እንደ መቅደድ ያለ ነው። እንዴት ይሆናል? ይህን ለማወቅ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ወመዘክር እየሄድን ስለ ሌዘር የተጻፈውን ማንበብ ጀመርን። በዕውቀት ሳይሆን በፍርሃት የተጀመረ ንባብ ነበር።

ሌዘርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያበራው ቴዎዶር ሜይማን የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ ይኸውም በ1952 ዓ.ም. ግንቦት 8 ቀን ነበር። ብርሃኑንም ያወጣው ሩቢ ከሚባለው ቀይ ክሪስታል ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ በቤል የምርምር ቤት ያግ ከሚባል፣ ኒዮዲሚየም ጥቂት ከተጨመረበት ሌላ ጥሩ ክሪስታል የሚወጣ ሌዘር ተሠራ። ለእናታችን የታዘዘውም የዚህ ዘር ነው። ብርሃኑ በዓይን አይታይም።

ሌዘር ከተገኘ ብዙም ሳይቈይ ሊቃውንቱ አንድ አሳዛኝ ነገር አስተዋሉ። የብርሃኑ ምት እየበረታ በሄደ ጊዜ በሚያልፍበት መስተዋትና ክሪስታል ውስጥ ጥቃቅን ስንጥቆች ይታዩ ጀመር። ከላይ ሲያዩት ፊቱ ደኅና ነው፤ በሆዱ ውስጥ ግን ነጭ ነጥብ ተቀምጧል። ብርሃኑን የወለደው ክሪስታል ራሱ ሳይቀር በወለደው ብርሃን ይቈስል ነበር።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን በገባን መጠን እንግለጽ። በጠራ ክሪስታል ውስጥ ኤሌክትሮኖች በአቶሞቻቸው ዘንድ ጸንተው የታሰሩ ናቸው። ብርሃን ደግሞ ፎቶን በሚባሉ ጥቃቅን የኀይል ቅንጣቶች ይጓዛል። የአንዱ ፎቶን ኀይል ያንን እስራት ለመፍታት ስለማይበቃ፣ ፎቶኑ ማንንም ሳይነካ ያልፋል። ክሪስታሉን ብርሃን አሳላፊ ያደረገውም ይኸው ነው፤ ጥንካሬው ሳይሆን የመንገደኛው ድካም ነው። ፎቶኖቹ እጅግ ተጠጋግተው ሲመጡ ግን ሦስትም አራትም ሆነው አንዱን ኤሌክትሮን ባንድ ጊዜ ይገፉታል፤ ያን ጊዜ እስራቱ ይፈታል። የተፈታው ኤሌክትሮን በብርሃኑ እየተገፋ ኀይል ያገኝና ሌላውን መትቶ ያስፈታል። ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እየሆኑ፣ ከገደል እንደሚወርድ ናዳ እየበዙ ይሄዳሉ። ቀድሞ ብርሃንን ያሳልፍ የነበረው ስፍራ አሁን ብርሃንን የሚውጥ ይሆናል። ወዲያው እንደ እሳት ይግላል፤ ፕላዝማ ወደሚባለው ጠባይም ይለወጣል፤ በዙሪያው ያለውንም በኀይል ገፍቶ ይሰነጥቃል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ዓይን ከሚጨፈንበት ጊዜ እጅግ ባነሰ ቅጽበት ነው።

ናዳ ደግሞ ብዙ ጊዜ መነሻ አለው። ፍጹም የጠራ ክሪስታል ብዙ ይታገሣል። ከውስጡ ባዕድ ቅንጣት፣ ከፊቱም ጭረት ወይም አቧራ ያለበት ግን ቀድሞ ይሰበራል። ለሌዘር የሚሆነውን መስተዋት በፕላቲነም ዕቃ ውስጥ ሲያቀልጡት፣ ከዕቃው ተፍቆ የሚገባ በዓይን የማይታይ የፕላቲነም ፍንጣሪ እንኳ የስንጥቅ ምክንያት ሆኖ ተገኝቷል። በደካማ ብርሃን ዘመኑን ሁሉ የተሰወረ ጉድፍ በብርቱ ብርሃን ፊት መሰወር አይችልም።

አንባቢ ይህ ብርሃን ምን ያህል ብዙ ነው ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ የሚያስገርም ነው፤ ብዙ አይደለም። ለእናታችን ዓይነት ሕክምና አንዱ የሌዘር ምት አንድ ሚሊ ጁል ያህል ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ኀይል ይይዛል። አንድ ሚሊ ጁል ማለት አንድ ግራም የምትመዝን ነገር 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ለማንሣት የሚበቃ ብቻ ነው። ዳሩ ግን ይህ ኀይል የሚወጣው በአራት ናኖ ሴኮንድ ያህል ነው፤ ናኖ ሴኮንድም አንዱ ሴኮንድ ለሺህ ሚሊዮን ሲከፈል የሚገኘው ነው። ሒሳቡን ብንሠራው ለዚያች ቅጽበት 250,000 ዋት፣ ማለትም ባለ 100 ዋት 2,500 አምፑሎች ባንድነት የበሩ ያህል ይሆናል። ይህም ሁሉ የሚሰበሰበው የሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ በምታህል ነጥብ ላይ ነው። እንግዲህ የጠራውን ነገር የሚሰብረው የብርሃኑ ብዛት ሳይሆን ጥድፊያውና ጥበቱ ነው።

ይህን የተረዱ ሰዎች መፍትሔውንም ከዚያው አገኙ። ዶና ስትሪክላንድና ዤራር ሙሩ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ ሳሉ፣ ክሪስታሉን ሳይሰብሩ ብርቱ ምት የሚያገኙበትን ዘዴ አሳዩ። አጭሩን ምት አስቀድመው ያረዝሙታል፤ በረዘመ ጊዜ ጉልበቱ ስለሚላላ በክሪስታሉ ውስጥ በሰላም እያለፈ ኀይል ይጨመርበታል፤ ከክሪስታሉ ከወጣ በኋላ መልሰው ያሳጥሩታል። ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ2018 የኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆኑ። ይህን ለእናታችን ስንነግራቸው ከቶ አልደነቃቸውም። «ባዘቶ በድንገት ቢጎትቱት ይበጠሳል፤ ቀስ ብለው ከሳቡት ግን ክር ይሆናል» አሉን።

ሐኪሞችም የዓይኑን ሥራ የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው። የሌዘሩ ጨረር በሌንሱ ውስጥ ሲያልፍ ገና የተበተነ ስለ ሆነ ጉዳት አያደርስም። የሚሰበሰበው ከሌንሱ ጀርባ ነው፤ ናዳው የሚነሣውም እዚያ ነው፤ ግድግዳውም እዚያ ይቀደዳል። የሚያቈስለውና የሚፈውሰው አንድ ብርሃን ሲሆን ልዩነቱ በስፍራው ነው። ነጥቡ ከሚሊ ሜትር ጥቂት እጅ ወደ ፊት ቢቀርብ ግን ጉዳቱ በሌንሱ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ሐኪሙ ነጥቡን ሆን ብሎ ጥቂት ወደ ኋላ ያርቀዋል፤ ታካሚውም ዓይኑን እንዳያንቀሳቅስ ይለመናል።

ከዚህ በኋላ የምንጽፈው ስለ ራሳችን ነው። በቀጠሮው ቀን፣ ስሙን መጥራት በማያስፈልገን አንድ ሆስፒታል፣ የስምምነት ወረቀት ተሰጠን። ወረቀቱ ሊደርስ የሚችለውን ሁሉ በግልጽ ይናገር ነበር፤ በሌንሱ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ሊቀር እንደሚችል፣ የዓይን ግፊት ከፍ ሊል እንደሚችል፣ አልፎ አልፎም ከዚህ የከፋ ሊመጣ እንደሚችል። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች፤ «ወንድሜ፣ ለእማማ በደንብ ያስረዷቸው» ብላ ወደ ሌላ ታካሚ ሄደች። እናታችንም ወረቀቱን አሻግረው እያዩ፣ «ምን ይላል?» አሉን።

እኛም ከወር በላይ ስናነብ የከረምን ሰዎች፣ ከዚያ ሁሉ ንባብ አንዲቱን ቃል እንኳ አልነገርናቸውም። «ጉሙን በብርሃን ይጠርጉልዎታል ይላል» ብለን በአጭሩ መለስንላቸው። ይፈራሉ፣ ፈርተውም ይተዉታል ብለን ሠጋን። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ወደ መሥሪያ ቤታችን ለመመለስ ቸኩለን ነበር። አውራ ጣታቸውን በቀለም አስነክተን በወረቀቱ ግርጌ አሳረፍነው። ሐኪሟም ተመልሳ፣ «አስረድተዋቸዋል?» ብትለን፣ «አዎን» አልናት።

እናታችን አገጫቸውን በመሣሪያው ላይ አሳረፉ፤ ግንባራቸውንም አስደገፉ። ሐኪሟ፣ «እማማ፣ እንዳይንቀሳቀሱ» ብላ አስጠነቀቀቻቸው። ስፍራውን የምታመለክተው ቀይ ብርሃን በዓይናቸው ላይ ታየች። በየምቱ «ጠቅ» የምትል ትንሽ ድምፅ ትሰማለች፤ ያም ከላይ የተናገርነው የፕላዝማው ግፊት ነው። ለእናታችን ግን ያ ድምፅ ያልተነገራቸው ነገር ነበር። አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ምት ሲሰማ መሣሪያው የተሰበረ መሰላቸውና፣ «ልጄ፣ ምን ተሰበረ?» ብለው ወደ እኛ ዞር ሊሉ ቃጣቸው። ሐኪሟ ወዲያው እጇን አነሣች፤ ዳሩ ግን አንዲት ምት ቀድማ ወጥታ ነበር።

ከተረጋጉ በኋላ ሥራው በሰላም ተፈጸመ። ሐኪሟ ለብቻችን ጠርታ ሳትሸሽግ ነገረችን። በሌንሱ ላይ፣ ከመካከሉ ፈንጠር ብሎ፣ አንድ ትንሽ ጉድጓድ ቀርቷል፤ እይታቸውን የሚያውክ አይደለም፤ እንዲህ ያለው በሌላም ታካሚ ያጋጥማል። እኛም ዐንገታችንን ደፍተን ሰማን። ጥፋቱ የሐኪሟ አልነበረም፤ የመሣሪያውም አልነበረም። ነገሩ ለምን እንደ ሆነ ያላወቀ ሰው ዝም ብሎ እንዲቀመጥ የተጠየቀው በእኛ «አዎን» ምክንያት ነው።

በሳምንቱ እናታችን በደጃፋችን ተቀምጠው እንዝርታቸውን ሲያሾሩ ክሩ እንደ ገና ቀጥኖ አየነው። ሸማኔውም አመሰገነ። እኛ ግን ክሩን ባየን ቍጥር የምናስበው ያችን ነጥብ ነበር። አንድ ማታ፣ ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ፣ ሁሉንም ነገርናቸው፤ በወረቀቱ የተጻፈውን፣ የተውነውን፣ በሌንሱ ላይ የቀረውንም። እስክንጨርስ ድረስ አላቋረጡንም። በመጨረሻም፣ «የራራህልኝ መስሎህ ነው፤ ዐውቃለሁ። ዳሩ ግን ልጄ፣ ብትነግረኝ ኖሮ ትንፋሼን እንኳ በያዝሁት ነበር» አሉን።

ይህን ቃል ከሰማን ወዲህ በመዝገብ ቤታችን መስኮት የምንሠራውን ሥራ በሌላ ዓይን እናየዋለን። በየቀኑ ወረቀት ይዘው መጥተው «ምን ይላል?» የሚሉን አሉ። ቀድሞ በአንድ ቃል መልሰን እናሰናብታቸው ነበር፤ ይህንንም እንደ ትሕትና እንቈጥረው ነበር። ሰው መጥፎውን ሲሰማ ይሰበራል ብለን ስለምናስብ ነው። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ሰውን የሚሰብረው የሰማው ነገር ሳይሆን፣ ሳይሰማ ቆይቶ በድንገትና ባንድ ስፍራ የሚያርፍበት ነው። አስቀድሞ ቀስ ተብሎ ቢነገረው ይችለዋል፤ መጠንቀቅም ያለበትን ይጠነቀቃል። ዛሬ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው እናነብላቸዋለን። ሰልፉ ረዝሞ አለቃችን ምክንያቱን ቢጠይቁን የሆነውን ሁሉ አጫወትናቸው፤ እርሳቸውም ጥቂት አሰብ አድርገው ሁለተኛ ሰው በመስኮቱ እንዲቀመጥ አዘዙ።

በቅርቡ ከእድር የመጣ አንድ ወረቀት ነበር፤ የእናታችን አሻራ ያስፈልገዋል። የቀለሙን ዕቃ አቀረብንላቸው። እናታችን ግን ጣታቸውን አላነሡም። መነጽራችንን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው ሰጡንና፣ «መጀመሪያ እስከ ታች አንብብልኝ» አሉን። አነበብን። ጣታቸውን የነከሩት ከዚያ በኋላ ነው።